«ግድየለሽነት» በምን ይለካል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ የፋብሪካ ሠራተኛ አደገኛ ድርጊት ሲፈጽም በአእምሮው ውስጥ ምን እንደሆነ የሚለካበት መንገድ ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የብረታ ብረት ፋብሪካ የደኅንነት ኃላፊ ነኝ። በአደጋ መመዝገቢያ ቅጻችን ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚጻፈው «የሠራተኛው ግድየለሽነት» ነው። አሁን ሥራ አስኪያጁ የሠራተኞቹን አስተሳሰብ ለክቼ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ያንን ቃል ከቅጹ ላይ ከመሰረዝ ይጀምሩ። «ግድየለሽነት» ፍርድ ነው፤ አደጋው ካለፈ በኋላ የደረሰ ሰው ላልገባው ነገር ሁሉ የሚለጥፈው ስም። መጨረሻውን ያወቀ ሰው «ይህን እንዴት አላየም?» ማለት አይከብደውም። ባሩክ ፊሽሆፍ በ1975 በሙከራ ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ሰዎች የአንድን ነገር ውጤት ከሰሙ በኋላ ውጤቱ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል እንደነበር አድርገው ይገምታሉ።

የሚለካ ነገር የሚገኘው ድርጊቱ ሲበተን ነው። አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሠራተኛው አደጋውን አየው ወይም ሰማው? ያየው ነገር አደገኛ መሆኑን ተረዳ? ከተረዳ ምን ለማድረግ ወሰነ? የወሰነውንስ እንዳሰበው ፈጸመው?

ያለ መነጽር ግራይንደር የሚሠራ ሰው እንውሰድ። ከውጭ ለሚያየው ድርጊቱ አንድ ነው። አንዱ ሠራተኛ ግን መነጽሩን ለማውራት ወደ ግንባሩ ሰቅሎ መመለሱን ረስቷል። ሌላው ብልጭታውን እንጂ ዲስኩ ራሱ ተሰብሮ ሊፈናጠር እንደሚችል አያውቅም። ሦስተኛው ሁሉንም ያውቃል፤ መነጽሩ በላብ እየደበዘዘ መስመሩን ስለሚደብቅበትና ሥራው ከእረፍት በፊት ማለቅ ስላለበት ግን ሆን ብሎ አውልቆታል። አራተኛውን ዓይነት ክሬን ላይ ያገኙታል፤ «ወደ ላይ» ሊጫን አስቦ ጣቱ «ወደ ታች» ላይ አረፈ።

ጄምስ ሪዝን በ1990 ያቀረበው አከፋፈል በዚህ መስክ ዛሬም ዋናው መሣሪያ ነው። እሱም ሳይታሰብ የሚፈጸመውን የእጅ ስህተትና ዝንጋታ፣ ታስቦ ግን በተሳሳተ ግንዛቤ የተደረገውን፣ ደንብ መሆኑ እየታወቀ የተጣሰውን ይለያል። መለየቱ የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለማይገናኝ ነው። ዝንጋታ በሥልጠና አይድንም፤ እንዲያውም ሥራው እጁ ላይ የተዋሃደው ነባር ሠራተኛ፣ እጁ በራሱ ስለሚሄድ፣ ለዚህ ዓይነቱ ስህተት የተጋለጠ ነው። የግንዛቤ ጉድለት ግን በሥልጠና ይስተካከላል። ሆን ተብሎ ለተጣሰ ደንብ ደግሞ መጀመሪያ ደንቡ ራሱ ከሥራው ጋር የሚሄድ መሆኑ ይፈተሻል።

ስለዚህ አዲስ መጠይቅ ከማስገባትዎ በፊት ያለፉትን 30 መዝገቦች ያውጡ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ እያንዳንዱን ከአራቱ እርከኖች በአንዱ ይመድቡት፤ መረጃ ከሌለ «አይታወቅም» ይባል። «አይታወቅም» ከበዛ ችግሩ ያለው በሠራተኛው አእምሮ ውስጥ አይደለም፣ በእርስዎ የምርመራ አጠያየቅ ውስጥ ነው፤ እሱን ሳያስተካክሉ የሚደረግ ልኬት ድካም ብቻ ይሆናል። ብዙዎቹ «ወሰነ» የሚለው ላይ ከወደቁ፣ ውሳኔውንም ያስገደደው የምርት ኮታ ወይም የመሣሪያ እጥረት ከሆነ፣ የሠራተኛውን አስተሳሰብ መለካት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆናል። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ በቁጥር ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በሥራ ላይ የሚከሰት የአእምሮ መዘናጋትን የሚለካ መጠይቅ ለማዘጋጀት አስቤያለሁ። አማካሪዬ «ያለውን ተርጉም» ይሉኛል፤ እኔ አዲስ ብሠራ እመርጣለሁ። ስንት ጥያቄ፣ ስንት ሰው ያስፈልጋል?

መልስ፦ አማካሪዎ ካለው ይጀመር ማለታቸው ትክክል ነው። ትርጉም ብቻ ይበቃል ማለታቸው ከሆነ ግን አንስማማም።

በሰፊው የሚታወቀው ዶናልድ ብሮድቤንትና ባልደረቦቹ በ1982 ያወጡት መጠይቅ ነው። 25 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን ስድስት ወራት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ስለሚመዘን ድምሩ ከ0 እስከ 100 ነው። ችግሩ ጥያቄዎቹ የቤትና የዕለት ኑሮ መሆናቸው ነው፤ ያነበቡትን ልብ ሳይሉ ቀርተው ደግሞ ማንበብ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሄዶ ለምን እንደሄዱ መርሳት የመሳሰሉ። ቤቱ ውስጥ ዝንጉ የሆነ ሰው ፕሬስ ማሽን ፊት ንቁ ሊሆን ይችላል። ዋላስና ቼን በ2005 ያዘጋጁት ለሥራ ቦታ የተለየ ነው፤ በ15 ጥያቄዎች ሦስት ነገሮችን ይለካል፣ የማስታወስ፣ የትኩረትና የአፈጻጸም ጉድለትን፣ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት። ለእርስዎ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው። አጽሙን ይዘው ሥጋውን ከፋብሪካው ሥራ ያልብሱት።

ትርጉሙን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሥሩት፤ አንዱ የማሽን ክፍሉን ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን። ሁለቱ ተዋህደው አንድ ቅጂ ከሆኑ በኋላ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ ምንጩ ቋንቋ ይመልሰዋል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። መልሶ መተርጎም ግን የሚፈትነው ተርጓሚዎቹን እንጂ መጠይቁን አይደለም። መጠይቁን የሚፈትነው ሠራተኛው ነው። ከስምንት እስከ አሥር ሠራተኞችን አንድ በአንድ ያስቀምጡና እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበው «ምን የተጠየቁ ይመስልዎታል?» ብለው ያናግሯቸው። «ትኩረቴ ይበታተናል» የሚለውን አንዳንዱ «ሐሳብ ይዞኛል፣ ተጨንቄያለሁ» ብሎ ይረዳዋል፤ ያን ጊዜ የለኩት ጭንቀትን ይሆናል።

የመልስ ምርጫዎቹም ወጥመድ አለባቸው። «አንዳንድ ጊዜ» እና «አልፎ አልፎ» የትኛው ይበዛል? ሁለት ሰው ቢጠይቁ ሁለት መልስ ያገኛሉ። አምስቱን ቃላት በአምስት ካርድ ላይ ጽፈው ሠራተኞቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ እንዲደረድሯቸው ያድርጉ፤ ቦታ የሚለዋወጡ ቃላት ካሉ ይቀየሩ። እኛ የምንመርጠው ቃላቱን ትቶ ቁጥር መጠየቅን ነው፦ ባለፉት አራት ሳምንታት አንድም ጊዜ፣ 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ ከ6 እስከ 10 ጊዜ፣ ከዚያ በላይ። የስድስት ወር ዝንጋታን ማን ያስታውሳል? መርሳቱን ራሱን ረስቶታልና።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገርን በተቻለ መጠን ይሽሹ። «ዋናውን ብሬከር (የኤሌክትሪክ ማቋረጫ) መቆለፍ ረስቼ አላውቅም» ለሚለው «አልስማማም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል፤ ከፈረቃ የወጣ ሰው ደግሞ ቆም አይልም። «ጓንትና መነጽር ማድረግ እረሳለሁ» የሚለውም ሁለት ጥያቄ ስለሆነ ይከፈል። «ጠንቃቃ ሠራተኛ ነኝ» ምንም አይለካም። «ጥገና ከጀመርኩ በኋላ ነው ብሬከሩን እንዳልቆለፍኩ ያወቅሁት» የሚለው ግን አንድ የታወቀ ድርጊትን ከአንድ የታወቀ የማስታወስ ጉድለት ጋር ያያይዛል።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። በመጨረሻ 15 ጥያቄ እንዲቀርዎት ከፈለጉ በ40 ይጀምሩ። አሥር ባለሙያዎች እያንዳንዱን «አስፈላጊ ነው» ወይም «አይደለም» ብለው ይፍረዱ። የሎሺ ስሌት፣ የ1975፣ ቀላል ነው፦ «አስፈላጊ» ካሉት ቁጥር ላይ የጠቅላላውን ግማሽ ቀንሰው ለዚያው ግማሽ ያካፍላሉ። ለአሥር ባለሙያ ዝቅተኛው ማለፊያ 0.62 ነው። ስምንቱ ከተስማሙ ስምንት ሲቀነስ አምስት፣ ለአምስት ሲካፈል 0.60 ይመጣልና ጥያቄው ይወድቃል፤ ዘጠኙ ከተስማሙ 0.80 ነው፣ ያልፋል። ከባለሙያዎቹ ቢያንስ ሦስቱ በማሽን ላይ የቆሙ ፎርማኖች ቢሆኑ ይመረጣል፤ አሥሩም መምህራን የሆኑበት ጉባኤ ጥሩ ሰዋስው ያለው መጠይቅ ነው የሚሰጥዎት።

ከዚያ በ30 ሰዎች ላይ ይሞክሩት፤ ይህ የሚወስደውን ጊዜና የሚዘለሉ ጥያቄዎችን ለማየት ብቻ ነው፣ በዚህ ቁጥር ፋክተር አናሊሲስ (የትኞቹ ጥያቄዎች አብረው እንደሚሄዱና ስንት ስብስብ፣ ማለትም ፋክተር፣ እንደሚፈጥሩ የሚያሳይ ስሌት) አይሠራም። ለዋናው ጥናት በአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 10 ሰው ይታሰባል፣ በጠቅላላውም ከ200 አይነስ። ፋክተሮቹን በአንድ ቡድን ካገኟቸው በሌላ ቡድን ያረጋግጧቸው። ያንኑ መረጃ ሁለቴ መጠቀም መልስ ወረቀቱን ይዞ እንደ መፈተን ነው፤ ይህ ስህተት ግን በየጥናቱ ሞልቷል። የፋክተሮቹን ቁጥር ለመወሰን «ኢገንቫልዩው (ፋክተሩ የሚያብራራው የልዩነት መጠን) ከ1 በላይ የሆነ ይቆጠር» የሚለው የኮምፒውተሩ ነባሪ ምርጫ አብዝቶ ይሰጣል፤ ውጤቱን በዘፈቀደ ከተፈጠረ መረጃ ጋር የሚያነጻጽረው የሆርን ፓራለል አናሊሲስ ይሻላል። ጭነቱ፣ ማለትም ከፋክተሩ ጋር ያለው ትስስር፣ ከ0.40 በታች የሆነ ወይም በሁለት ፋክተር ላይ እኩል የተንጠለጠለ ጥያቄ ይውጣ።

ክሮንባክ አልፋን፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ለጠቅላላው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ንዑስ መለኪያ ያስሉ። ከ0.70 በላይ ጥሩ ነው። ከ0.95 ሲያልፍ ደስ አይበልዎ፤ አንድን ጥያቄ በአምስት ቃል ደጋግመው ጠይቀዋል ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለ50 ያህል ሠራተኞች መጠይቁን ደግመው ይስጡና ሁለቱ ውጤቶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በኢንትራክላስ ኮሪሌሽን ይዩ። አልፋው ከፍ ብሎ ይህኛው ዝቅ ካለ መለኪያው የሚይዘው የዕለቱን ስሜት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ልብ ብሎ ሳያነብ የሞላውን ይለዩ። በመካከል አንድ ቦታ «ለዚህ ጥያቄ የመጨረሻውን ምርጫ ያክብቡ» የሚል መስመር ያስገቡ። ከላይ እስከ ታች አንድ ረድፍ ያከበበውንም ይመልከቱ። መጠይቁን የሚሰበስበው የቅርብ አለቃ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞቻችን በደኅንነት ሥልጠና ፈተና ከመቶ 95 ያመጣሉ። በማግስቱ ግን የኮንቬየሩን ሮለር እየዞረ ያጸዱታል። ፈተናው ይክበድ?

መልስ፦ ቢያከብዱት የሚለወጥ ነገር የለም። ፈተናዎ የለካው ደንቡ በትዝታ ውስጥ መኖሩን ነው፣ እሱም አለ። የተበላሸው ውሳኔው ላይ ነው፤ ለውሳኔ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ።

አይሴክ አይዘን በ1991 ባብራራው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ያለው ሐሳብ ከሦስት ነገር ይመነጫል፦ ለድርጊቱ ካለው አመለካከት፣ ሌሎች ምን ይሉኛል ከሚለው፣ ላደርገው እችላለሁ ወይ ከሚለው። ሕጉ አንድ ነው፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ስለዚያው ድርጊት፣ ስለዚያው ቦታና ጊዜ ይሁኑ። «ደኅንነት አስፈላጊ ነው» ብለው ከጠየቁ ሁሉም ይስማማል። «በሚቀጥለው ሳምንት ሮለሩን ከማጽዳቴ በፊት አቁሜ ብቆልፍ የሥራ ጓደኞቼ ያሾፉብኛል» እና «በፈረቃዬ ውስጥ አቁሜ ለመቆለፍ የሚበቃ ጊዜ አለኝ» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ይለያያል፤ የሚለያይ መልስ ብቻ ነው መረጃ የሚሰጥ።

የአደጋ ግምትንም አንድ ላይ አይጠይቁ። ሊደርስ የሚችልበት ዕድልና ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ዕድሉን ሁለት ጊዜ ይጠይቁ፤ አንዴ «እርስዎ ላይ»፣ አንዴ «ይህንኑ ሥራ በሚሠራ ሌላ ሰው ላይ»። ኒል ዋይንስታይን በ1980 እንዳሳየው ሰው ክፉ ነገር ከእኔ ይልቅ በሌላው ላይ ይደርሳል ብሎ ያስባል። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ መለኪያ ይሆንልዎታል።

ከመጠይቁ በፊት ግን ሰዓት ይያዙ። ማቆም፣ መቆለፍ፣ ማጽዳት፣ መክፈትና መስመሩን መልሶ ማስነሳት በድምሩ 12 ደቂቃ ቢወስድ፣ ለጽዳት የተፈቀደውም 5 ደቂቃ ቢሆን፣ ምክንያቱን አግኝተውታል። መጠይቅ አያሻዎትም።

ጥያቄ፦ ድርጊቶቹን በቀጥታ በማየት ለመቁጠር ወስነናል። ስንት ጊዜ እንመልከት? ተመልካቹስ ማን ይሁን?

መልስ፦ ቁጥሩ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፦ አደገኛው ድርጊት በግምት ምን ያህል ይታያል፣ ስህተቱስ እስከ ስንት ይፈቀድ። በሁለት ቀን ቅኝት ከ100 ዕይታ 30ው አደገኛ ሆኖ ተገኘ እንበል፣ ማለትም 0.30፤ ስህተቱ ከ5 በመቶ ነጥብ እንዳይበልጥ ከፈለጉ ደግሞ፦ 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ሲባዛ 3.84፤ ይህ በ0.30 እና በ0.70 ሲባዛ 0.807 ገደማ፤ ለ0.05 ካሬ፣ ማለትም ለ0.0025 ሲካፈል፣ 323 ዕይታ። ይህ ለአንድ ክፍል ነው። የቀንና የሌሊት ፈረቃን ለማነጻጸር ከፈለጉ ለእያንዳንዳቸው ይህን ያህል ያስፈልጋል። ደግሞም 323 ዕይታ ከ12 ሠራተኞች ከመጣ 323 የተለያየ መረጃ አይደለም፤ አንድ ሰው ደጋግሞ ራሱን ይመስላልና ብዙ ሰዎችን ይሸፍኑ።

ሰዓቱ በዕጣ ይውጣ። የስምንት ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው፤ ከ1 እስከ 480 ባሉት ቁጥሮች ለቀኑ 15 ወይም 20 ያውጡ። ተመልካቹ በዚያች ደቂቃ ሄዶ በመጀመሪያ ያየውን ይመዘግባል፤ ቆሞ አይጠብቅም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ሄልሜት የማያደርግ የለም። በዝርዝሩ ላይ ከ10 እስከ 15 ድርጊቶች ይበቃሉ፣ ለእያንዳንዱ «ደኅና»፣ «አደገኛ» እና «ለማየት አልተቻለም» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ይኑሩ። ሦስተኛውን ሳጥን የሚረሱ ብዙዎች ናቸው፤ እሱ ከሌለ ተመልካቹ ያላየውን «ደኅና» ይለዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገብ ከስሌት ያውጡት፣ ሠራተኛው ተመልካቹን እስኪለምድ ነው።

ሁለት ተመልካቾች በአንድ ላይ 100 ዕይታ ወስደው ይመሳከሩ። ሁለቱም «ደኅና» ያሉት 60፣ ሁለቱም «አደገኛ» ያሉት 25፣ አንደኛው ብቻ «ደኅና» ያለው 9፣ ሁለተኛው ብቻ «ደኅና» ያለው 6 ቢሆን ስምምነቱ 85 በመቶ ነው፣ ያምራል። ነገር ግን እንዲሁ በግምት ብቻ ቢሞሉት እንኳ በ56 በመቶው ይገናኙ ነበር። ካፓ የሚባለው የስምምነት መለኪያ ይህን ቀንሶ 0.66 ይሰጣል። በተለመደው አተረጓጎም ከ0.61 እስከ 0.80 ጠንካራ ስምምነት ነው፣ ሥራ ለመጀመር ይበቃል። ከ0.60 በታች ከሆነ የተመልካቾቹን ዓይን አይውቀሱ፤ «አደገኛ አቋቋም» የመሰለ ልቅ አገላለጽ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። «እግሩ ከቢጫው መስመር አልፏል» ብለው ይተኩት።

ተመልካቹ የዚያ ክፍል አለቃ አይሁን። ከሌላ ክፍል የመጣ፣ ሥራውን ግን የሚያውቅ ሠራተኛ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የ15 ጥያቄ መጠይቅ አስሞልተን፣ ከመነጽርና ከጓንት አጠቃቀም ዕይታ ጋር ብናያይዘው ተዛምዶው (0 ምንም፣ 1 ፍጹም ግንኙነት የሚሆንበት ቁጥር) 0.12 ብቻ ሆነ። መጠይቁ የማይረባ ነው?

መልስ፦ ከመፍረድዎ በፊት ምን ከምን ጋር እንዳያያዙ ይመልከቱ። መጠይቅዎ የሚጠይቀው ስለ ዝንጋታ ነው። መነጽር አለማድረግ ግን ብዙውን ጊዜ ውሳኔ ነው፤ መነጽሩ ይደበዝዛል፣ ጓንቱ ይወፍራል፣ ፎርማኑም ራሱ አያደርግም። ሁለቱ ባይገናኙ ምን ይገርማል? በወር ሁለቴ የሚከሰት ዝንጋታ ደግሞ በድንገተኛ ዕይታ አይያዝም። ለዝንጋታ መጠይቅ ትክክለኛው ጓደኛ የጠፋ ዕቃ፣ የተዘለለ እርምጃ፣ ተበላሽቶ የተጣለ ምርትና ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች መዝገብ ነው። ለመነጽርና ለጓንት ደግሞ ከላይ ለፈረቃ ኃላፊው የጠቀስናቸው የአመለካከትና የአቅም ጥያቄዎች ይስማማሉ።

ሁለተኛው ነገር ስሌት ነው። መለኪያዎቹ ፍጹም ስላልሆኑ ተዛምዶው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውም የሁለቱ አስተማማኝነት (ሲደገም ያንኑ ውጤት የመስጠት አቅም) ብዜት ካሬ ሥር ነው። መጠይቁ 0.70፣ ዕይታው 0.50 ከሆኑ ብዜቱ 0.35፣ ካሬ ሥሩም 0.59 ነው። እውነተኛው ተዛምዶ 0.40 ቢሆን እንኳ እርስዎ የሚያዩት 0.24 ገደማ ነው።

አንድ ነገር ግን እናድንቅልዎ። ብዙ ጥናቶች ምክንያቱንም ድርጊቱንም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን፣ ያንኑ ሰው ይጠይቁና 0.50 አገኘን ይላሉ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ሰውዬው ከራሱ መልስ ጋር ያለው ስምምነት ሊሆን ይችላል። የእርስዎ 0.12 ትንሽ ብትሆንም ከሁለት የተለያየ ምንጭ የመጣች ናት።

ጥያቄ፦ የሌሊት ፈረቃ ድካምን በስልክ ላይ ባለ የምላሽ ፍጥነት ጨዋታ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ጨዋታ ሳይሆን የታወቀው የንቃት ፈተና ይሁን። ዲንጅስና ፓወል በ1985 ባወጡት ፈተና ምልክቱ ከ2 እስከ 10 ሰከንድ ባለ የማይገመት ልዩነት ይመጣል፣ ፈተናው 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ከ500 ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ምላሽ እንደ መዘናጋት ይቆጠራል። ባለ 3 ደቂቃው አጭር ቅጂ ወሰኑ 355 ሚሊ ሰከንድ ነው። አማካይ ፍጥነቱን ብቻ ካዩ ድካሙ ያመልጥዎታል፤ የደከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይመልስና ድንገት ይጠፋል። ስለዚህ የዘገዩትን ይቁጠሩ።

የስልክ ስክሪን የራሱን መዘግየት ይጨምራል፣ መጠኑም ከስልክ ስልክ ይለያያል። አንድ ዓይነት ስልክ ይጠቀሙ፣ ሠራተኛውንም ከራሱ ጋር እንጂ ከጓደኛው ጋር አያነጻጽሩ። አንዴ ለልምምድ፣ ከዚያ በፈረቃው መጀመሪያና ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ጸጥ ባለ ክፍል። ከፈተናው በፊት ባለ 9 ደረጃውን የካሮሊንስካ የእንቅልፍ ስሜት መለኪያ ይጠይቁ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። «አልደከመኝም» እያለ በፈተናው የሚዘገየው ሰው ይበልጥ ያሳስባል። ዳውሰንና ሪድ በ1997 እንዳሳዩት ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የሥራ ብቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል።

ሥራው ምርት በዓይን መፈተሽ ከሆነ ፈረቃ ሙሉ መጠበቅም አያስፈልግም። ኖርማን ማክዎርዝ በ1948 እንዳሳየው ብርቅ ምልክትን የመጠበቅ ንቃት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ይህ የሚስተካከለው በየ20 እና 30 ደቂቃው ሰው በመቀያየር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ። ሰሞኑን «የአእምሮ ትኩረት መጠይቅ» ሙሉ ተብለናል። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ከሥራ ይባረር ይሆን ብለን ፈርተናል።

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። መጠይቁ ግን ለዚያ ሥራ አይበቃም፣ ለምን እንደሆነም በቁጥር እናሳይዎ። ለምሳሌ ያህል 1000 ሠራተኞች አሉ፣ በዓመት 50ዎቹ አደጋ ይደርስባቸዋል እንበል። መለኪያው ከ50ዎቹ 70 በመቶውን፣ ማለትም 35ቱን፣ አስቀድሞ ይለያል ብንል እንኳ፣ ከቀሩት 950 ውስጥ 30 በመቶውን በስህተት ቢጠረጥር 285 ንጹሐን አብረው ይያዛሉ። ከተጠረጠሩት 320 ሰዎች በእውነት አደጋ የሚደርስባቸው 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በዚህ ሰው ማባረር በዕጣ ከማባረር ብዙም አይሻልም። መጠይቁ የሚጠቅመው ክፍልን ከክፍል፣ ፈረቃን ከፈረቃ ለማነጻጸር ነው፤ የማሸጊያ ክፍሉ ውጤት ከሌሎቹ ከከፋ የሚመረመረው ጫጫታው፣ ፍጥነቱና የፈረቃ አደላደሉ ነው።

ከመሙላትዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ስም ወይም የመታወቂያ ቁጥር ይጻፋል ወይ? ወረቀቱን የሚሰበስበው ማን ነው? ውጤቱ የሚወጣው በግለሰብ ነው በክፍል? በክፍል ከሆነስ ትንሹ ክፍል ስንት ሰው አለው? አራት ሰው ባለበት ክፍል የ«ክፍሉ ውጤት» የእርስዎ ውጤት ነው ማለት ይቻላልና፣ ከአሥር ሰው በታች ያሉ ክፍሎች እንዲዋሃዱ ይጠይቁ። መልሱን ከሠራተኛ ተወካያችሁ ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። እምቢ ከተባለ ባዶ ወረቀት መመለስ ይችላሉ፤ አዋቂ አጥኚ ከሆነ የውሸት መልስ ከሞላበት ወረቀት ይልቅ ባዶውን ይመርጣል።